ካርድ ያወጣሁለት እኔ ነኝ

ሣጥኑ አልጋው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። የወርቅ ቀለበት አለበት፤ ሌባው አልነካውም። የኪስ ሰዓት አለበት፤ እሱንም አልነካውም። የጠፋችው ከሰው መዳፍ የማትበልጥ አንዲት የካርቶን ቁራጭ ናት። የነበረችበት የፕላስቲክ ማቀፊያ ባዶውን ቀርቷል።

መርማሪ ዘርትሁን ከኪሷ የላስቲክ ጓንት አውጥታ ቀኝ እጇ ላይ ብቻ አጠለቀች። ሁልጊዜም እንዲሁ ናት። የምትሠራው በቀኟ ነው፤ ለማትሠራበት እጅ ጓንት ማባከን አይታያትም። ማቀፊያውን አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ሠላሳ ሺህ ዶላር? ለካርቶን?» አለች።

«ለቤዝቦል ካርድ» አላት አለቃዋ ሳጅን ብራኒጋን በሩን ተደግፎ። «የተጫዋች ፎቶ የታተመባት፣ ሰው የሚሰበስባት። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ብርቅ ናት ይላሉ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ባለቤት ሆሊስ ታንዲ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነው። በወጣትነቱ ቤዝቦል ተጫውቷል፤ ካርዱ ላይ ያለውም እሱው ነው፤ ከዚያ ሠላሳ ዓመት የዳላስ አውቶቡስ ነድቷል፣ አሁን ሌክ ሃይላንድስ ውስጥ በዚህች አፓርትመንት ብቻውን ይኖራል። ሐሙስ ጠዋት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑና አንደበቱ ተያዙ። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ የወንድሙ ልጅ ዱዌይን በምሳ ሰዓቱ ወረቀት ሊወስድ መጥቶ ካርዱን በቦታው አይቶታል። ዓርብ እኩለ ቀን ተመልሶ ሲመጣ ሣጥኑ ተከፍቶ ጠበቀው። በሩም መስኮቱም አልተሰበረም።

«ፋይሉን አንብቢና ነገ እኩለ ቀን ላይ ለዓቃቤ ሕግ ላኪው» አለ ሳጅኑ። «ሴትዮዋ አምናለች።»

«የቷ ሴትዮ?»

«አስታማሚው። ታደለች የምትባል፣ ያገርሽ ሰው። ዓርብ አንቺ ፎርት ወርዝ ፍርድ ቤት ስለነበርሽ አስተርጓሚ አስመጣን። ሁሉንም በቴፕ ተናግራለች። ካርዱን ቁማር ቤት አስቀምጣዋለች።»

«የትኛው ቁማር ቤት?»

«እሱን ነው ቅዳሜና እሑድ ስንፈልግ የከረምነው።»

ዘርትሁን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አሜሪካ ገብታ፣ አሁን ሠላሳ ስድስት ሞልቷት፣ ዘጠኙን ዓመት በዳላስ ፖሊስ ያሳለፈች ሴት ናት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቶሎ የተዘጋ ፋይል ሁሉ ቶሎ ሲከፈት አይታለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል እሷ ቃል በቃል ታምንበታለች።

በፖላሮይድ ካሜራዋ ክፍሉን ከየማዕዘኑ አነሳች፤ አልጋውን፣ ሣጥኑን፣ ወጣቱ ታንዲ እግሩን ሰቅሎ ኳስ ሲወረውር የሚያሳየውን የግድግዳ ፎቶ። መታጠቢያ ቤት ስትገባ ከሲንኩ በላይ አንድ ባዶ ምስማር አየች። ምስማሩ ሥር ግድግዳው በክብ ቅርጽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እሱንም አነሳችው።

ቢሮዋ ስትመለስ ቴፑን ከፈተች።

መኮንኑ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ቤቴል የምትባለው አስተርጓሚ ትተረጉማለች።

«ካርዱን ማን ነው ያወጣው?» አለች ቤቴል በቴፑ ላይ።

«ካርድ ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አለ አንድ የደከመው የትልቅ ሴት ድምፅ። «ሌላ ማን አለው?»

«ለምን አወጣሽ?»

«ስለታመመ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«አሁን የት አለ?»

«ካርድ ክፍል ነዋ የሚሆነው።»

ዘርትሁን ቴፑን አቁማ መልሳ አጠነጠነችው። «ያወጣሁለት» የምትለውን ሦስት ጊዜ ሰማቻት። ስልኩን አንስታ ለቤቴል ደወለች።

ቤቴል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። ፕሌኖ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋን ከእናቷና ከቸርች ለቃቅማ ነው ያመጣችው።

«ያለችውን ነው ትራንስሌት ያደረግኩት» አለች ደንግጣ። «ካርዱን አወጣሁ አለች። ሶ፣ እሱን አልኩ።»

«አወጣሁ አላለችም። አወጣሁለት ነው ያለችው። ‘ለት’ን የት ጣልሻት?»

«‘ለት’ ምን ዲፈረንስ አላት?»

«ሁለት ፊደል ናት። ሴትዮዋ የታሰሩት በሁለት ፊደል ነው። አገር ቤት ታመሽ ታውቂያለሽ?»

«በአራት ዓመቴ ነው የመጣሁት።»

«አገር ቤት ሐኪም ቤት ስትሄጂ መጀመሪያ ካርድ ታወጫለሽ። ስምሽ፣ ዕድሜሽ፣ ሕመምሽ የሚጻፍበት ነው። ያ ወረቀት የሚቀመጥበት ቦታ ካርድ ክፍል ይባላል። እትዬ ታደለች ሽማግሌውን ሆስፒታል አስመዘገብኩት ነው ያሉት።»



«ኦ ማይ ጋድ» አለች ቤቴል። «እኔ እኮ ካርድ ሩም ብዬ ነው የነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ ካርድ ሩም ማለት…»

«ቁማር ቤት ነው። አውቃለሁ።»

ቤቴል ማልቀስ ስትጀምር ዘርትሁን ተናደደችባትም አዘነችላትም። ጥፋቱ የልጅቷ ብቻ አልነበረም። አንዲት ሽማግሌ የምታስታምም ትልቅ ሴት ቁማር ቤት ምን ትሠራለች ብሎ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው የከነከናት።

ሳጅን ብራኒጋን ግን ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ፣ አላመነችም እንበል። ሐሙስ አመሻሽ ቤቱ ገብታለች። ጎረቤት ቦርሳ ይዛ ስትወጣ አይቷታል። ቁልፍ ያላቸው እሷና የወንድሙ ልጅ ናቸው። ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ነገ እኩለ ቀን ፋይሉ ይሄዳል።»

ታደለች የእስረኛ ልብስ ሰፍቷት ከመስታወቱ ማዶ ተቀመጠች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አራት ቀን ግን አሥር ዓመት ጨምሮባታል።

«አንቺ ልጅ፣ አማርኛ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ፣ እትዬ። እግዜር ያስፈታዎት።»

«ሌባ አሉኝ! ገላውን አጥቤ፣ ምግቡን አጉርሼ፣ እንደ ልጅ ይዤው! እኔ ምን እንዳልኩ እንኳን አላውቅም። ጠየቁኝ፣ መለስኩ፣ እጄን አሰሩኝ።»

«የተናገሩት ገብቶኛል። አሁን ለእኔ ከሐሙስ ጀምረው ይንገሩኝ።»

ታደለች እንባዋን ጠርጋ ነገረቻት። ጠዋት ከአምቡላንሱ ጋር አብራ ሄዳለች። አመሻሹን ዕቃ ልታመጣለት ወደ ቤቱ ተመልሳለች።

«ከቤት ምን ይዘው ወጡ?»

«መነጽሩን፣ ጥርሱን፣ የሌሊት ልብሱን፣ መስታወቱን።»

«መስታወት?»

«የሚላጭበትን። ሆስፒታል ሆኖ አፉ እምቢ ሲለው በግራ እጁ ፊቱን እያሳየ እንዲህ፣ እንዲህ ይለኛል። መስታወት ፈልጎ ነው ብዬ። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱን ዘግቶ ከመስታወቱ ጋር ሲስቅ እሰማዋለሁ። ወስጄ ሰጠሁት፤ አየውና አለቀሰ። ምኑን እንዳጠፋሁ እንጃ።»

«በግራ እጁ አሉኝ?»

«ግራኝ ነው። ማንኪያውንም እስክሪብቶውንም በግራው ነው የሚይዘው። ያቺ እጁ መትረፏ እግዚአብሔር ቢወደው ነው።»

«ወደ ቤቱ ማን አደረሰዎት?»

«አቶ ሞላልኝ ናቸዋ፣ የኤጀንሲው ኃላፊ። ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው፣ በመኪናቸው ያመላለሱኝ እሳቸው። እኔ ላብ አጥምቆኝ ዕቃ ስለቃቅም የሰጠኋቸው ነገር ቢኖር አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውኃ ነው። ብድራቸውን እግዚአብሔር ይክፈል።»

ዘርትሁን ጻፈች። «ካርዱንስ አይተውት ያውቃሉ?»

«የምን ካርድ እንደሆነ እንኳን አሁን ነው የምሰማው።» ታደለች ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። «ስሚኝ ልጄ። የጥገኝነት ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ሌባ የሚል ወረቀት ተለጥፎብኝ ማን ይሰማኛል? ያሉኝን ሁሉ ይበሉኝ፣ ይህን ስም ግን አንሺልኝ።»

ዘርትሁን ለእስረኛ ቃል አትሰጥም። ዛሬም አልሰጠችም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን ቁልፉን ለማዞር ትንሽ ቆየች፤ እናቷን አስታውሳ ሆድ ብሷት ነበር።

አስታማሚዎችን የሚያሰማራው የኤጀንሲው ቢሮ ፕሌኖ ነው። አቶ ሞላልኝ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ክራባታቸው የተስተካከለ፣ ንግግራቸው እንደ ዘይት የሚፈስ ሰው ናቸው። ከበስተኋላቸው የበሽተኞች ፋይል የታጨቀባቸው አራት ረጃጅም የብረት መሳቢያዎች ቆመዋል።

«እትዬ ታደለች እንደ እናቴ ናት» አሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ግን እህቴ፣ ማለቴ፣ ችግር ክፉ ነው። ካጠፋች ትናገርና ይቅለላት ነው የምለው።»

«ሐሙስ ያደረሷት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ ጠበቅኳት። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«የቤቱ ቁልፍ ቢሮው አለው?»

«ኖ፣ ኖ። ፖሊሲያችን አይፈቅድም።»

«ካርዱን አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? የት አይቼ!» ሳቁ። «ሃያ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ቤዝቦል የሚባለው ነገር አልገባኝም። አንድ ሰው ግራ እጁ ላይ ጓንት አጥልቆ የቆመበት ፎቶ እኮ ነው። በዚህ ምክንያት ሰው ዕድሜውን ያበላሻል?»

«እኔም አልገባኝም» አለች ዘርትሁን፣ እሷም ፈገግ ብላ። «ዱላ ይዞ ቆሞ መጠበቅ።»

«ኤግዛክትሊ! ዱላ ይዞ መቆም!»

አብረው ሳቁ። ዘርትሁን እንደ ልማዷ የሰማችውን ሁሉ ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረች፤ «ጓንት፣ ግራ እጅ» የሚለውንም ጭምር። ሽማግሌው ግራኝ መሆኑን ከታደለች ሰምታለች። ግራኝ ጓንቱን ግራው ላይ ቢያጠልቅ ምን ይገርማል?

ከፕሌኖ ወደ ሌዊስቪል ስትነዳ ልቧ ዱዌይን ላይ ነበር። የሽማግሌው ጎረቤት የነገራት ነገር አለ። ሽማግሌው ሊታመም አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ዕለት፣ ዱዌይንና አጎቱ «ይሸጥ፣ አይሸጥም» እየተባባሉ ግድግዳ እስኪያናጋ ተጨቃጭቀዋል። ዓርብ ዕለት ለፖሊስ ሲናገር ሐሙስ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሥራ ላይ ነበርኩ ብሏል። የሚሠራበት መጋዘን ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የሰዓት መቆጣጠሪያውን መዝገብ ነው። ሐሙስ የወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ከጭነት መኪኖቹ መሃል አገኘችው። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ሸሚዙ በላብ ርሷል።

«ዋሽተሃል» አለችው ሰላምታውን ሳትጨርስ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥተሃል። ቁልፍ አለህ። ካርዱ እንዲሸጥ ፈልገሃል። የት ነበርክ?»

ዱዌይን ፊቱ ደም መሰለ። የያዘውን ካርቶን መሬት ላይ ወረወረው። ዘርትሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ሰውየው ግን ወደ እሷ አልመጣም። ከኋላ ኪሱ የገንዘብ ቦርሳውን አውጥቶ ሁለት ትኬት ዘረጋላት።

«አርሊንግተን፣ ጨዋታ ላይ ነበርኩ» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ከወር በፊት ነው የገዛነው፣ እኔና እሱ። አጎቴ ሆስፒታል ተኝቶ ኳስ አይቼ መጣሁ ብዬ ለፖሊስ እንዴት ልናገር? ወንበሩን ባዶ አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ።»

አንደኛው ትኬት በር ላይ ተቀድዷል። ሁለተኛው ድፍን ነው። የመኪና ማቆሚያው ደረሰኝ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ይላል። በዚያ ሰዓት አርሊንግተን የነበረ ሰው ሌክ ሃይላንድስ ሊሆን አይችልም፤ በማግስቱም መዝገቡ ከንጋት ጀምሮ መጋዘን ያደርገዋል። የቀረው ሰው ያው ታደለች ነበረች።

«ለምን ይሸጥ አልከው?»

«የተሻለ ቤት እንዲገባ። እሱ ግን እምቢ አለ። ሕይወቴ ነች ይላል።» ዱዌይን ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። «በትልቁ ሊግ አሥራ አንድ ጨዋታ ነው የወረወረው። አራቱን አሸነፈ። በአሥራ አንደኛው ትከሻው ተቀደደ፣ በቃ። በዕድሜው ሙሉ ካርድ የወጣለት አንድ ጊዜ ነው።»

ካርድ የወጣለት። ዘርትሁን እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሳ ስትሰማው የታደለች ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አቃጨለ።

«እሱንም አበላሹበት» አለ ዱዌይን። «ማተሚያ ቤቱ ፊልሙን ገልብጦ አተመው። ግራኙን ሰው ቀኝ አደረጉት። ጥቂት ካተሙ በኋላ ነቅተው አስተካከሉት። የተስተካከለው ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ። የተገለበጠው ነው ውድ፤ የጠፋውም እሱ ነው።»

«ይህንን ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? አጎቴም ለሰው እንዳልናገር አስምሎኛል፣ ያፍርበታል። የኤጀንሲው ፎርም ላይ እንኳን ውድ ዕቃ ሲሉኝ ካርድ ብዬ ዋጋውን ብቻ ነው የሞላሁት።»

ከመኪናው ውስጥ ወፍራም ካታሎግ አምጥቶ አንድ ገጽ ከፈተላት። ወጣቱ ታንዲ ቆሟል። ጓንቱ ቀኝ እጁ ላይ ነው።

«እሺ፣ የተገለበጠው ይሄ ነው» አለች።

«አይ፣ ይሄ ትክክለኛው ነው።»

«እንዴት ሆኖ? ግራኝ ከሆነ ጓንቱ ግራው ላይ መሆን አለበት እንጂ።»

ዱዌይን አያት፣ ከዚያ ሳይወድ ሳቀ። «ቤዝቦል አይተሽ አታውቂም? ጓንት የሚጠለቀው በማይወረውሩበት እጅ ነው። ኳስ መቅለቢያ ነው። ግራኝ ሰው ጓንቱ ቀኙ ላይ ነው። ጓንቱ ግራው ላይ የሆነው በተሳሳተው ካርድ ላይ ብቻ ነው።»

ዘርትሁን ቀኝ እጇን አየች፤ ጠዋት ጓንት ያጠለቀችበትን፣ የምትሠራበትን እጅ። ከዚያ ማስታወሻዋን ገልጣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አስቀመጠች። ጓንት፣ ግራ እጅ። ቤዝቦል የሚያውቅ ሌባ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱን አይቶ አፉን በያዘ ነበር። ይህኛው ሌባ ግን እንደ እሷው ነው፤ ጓንት በሚሠሩበት እጅ የሚጠለቅ ይመስለዋል። ያየውን ሲናገር የተለየ ነገር የተናገረ አልመሰለውም።

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። አንድ ብርጭቆ የቧንቧ ውኃ። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የቧንቧ ውኃ ከየት ይጠጣል?

ማክሰኞ ጠዋት ዳኛው የመፈተሻ ትእዛዙን ሲፈርም ሦስት ሰዓት ሆኗል። አራት ሰዓት ላይ ዘርትሁን፣ ሳጅን ብራኒጋንና አንድ የፕሌኖ ፖሊስ ኤጀንሲው ገቡ። ሳጅኑ ሰዓቱን እያየ ግድግዳውን ተደገፈ። ዘርትሁን ካታሎጉን ከአቶ ሞላልኝ ፊት ዘረጋች።

«ጓንቱ በየትኛው እጅ ነው?» አለች በአማርኛ።

«በቀኝ» አሉ ሰውየው። ግራ ተጋብተው ቀና አሉ። «ምነው?»

«ትናንት በግራ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ኦኬ፣ ተሳስቼ ይሆናል።»

«አልተሳሳቱም። በተሰረቀው ካርድ ላይ በግራ ነው። የካርዱን መልክ የሚያውቁት ባለቤቱና የወንድሙ ልጅ ናቸው፣ እነሱም ለማንም አልተናገሩም። እርስዎ የት አዩት?»

የአቶ ሞላልኝ እጅ ክራባታቸውን ፈለገ። «ማለቴ… ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ አለ አይደል? እሱን አይቼ ነው።»

«መኪና ውስጥ ሆነው ነው ግድግዳውን ያዩት?»

ዘርትሁን ፖላሮይዱን ካታሎጉ ጎን አስቀመጠች። በግድግዳው ፎቶ ላይም ጓንቱ ቀኝ እጅ ላይ ነው።

«እትዬ ታደለች ዕቃ ሲለቃቅሙ ውኃ ሰጥተዎታል። ብርጭቆውን ይዘው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ፎርሙ ላይ ውድ ካርድ እንዳለ አንብበዋል። ማን ይናገር የነበረ ይባላል፣ አቶ ሞላልኝ። እርስዎ ነበሩ፤ ስለዚህም ተናገሩ።»

ሳጅኑ አማርኛውን አልሰማም፤ የሰውየውን ፊት ግን አየ። ሰዓቱን ማየት አቆመ።

«የት ነው ያለው?»

የአቶ ሞላልኝ ዓይን ሳይታዘዛቸው ወደ ሦስተኛው የብረት መሳቢያ ሄደ። ዘርትሁን በዚህ ጊዜ ሁለቱም እጆቿ ላይ ጓንት አጠለቀች። መሳቢያውን ሳበች፤ የታንዲን የሕክምና ፋይል አወጣች። ከደም ግፊቱና ከመድኃኒቱ ዝርዝር መሃል፣ በቀጭን ፖስታ ውስጥ፣ አንድ ወጣት ጓንቱን ግራው ላይ አጥልቆ ቆሟል።

ካርድ ክፍል ነዋ የሚሆነው፣ ብለው ነበር እትዬ ታደለች። ሳያውቁት ልክ ነበሩ።

«እሷን ላሳስር ብዬ አይደለም» አሉ አቶ ሞላልኝ ወንበራቸው ላይ ሟሙተው። «ሽማግሌው ይሞታል፣ ማንም አይጠይቅም ብዬ ነው። ከዚያ አምናለች ሲሉኝ… ዝም አልኩ።»

«አራት ቀን ዝም አሉ። እንደ እናቴ ናት ያሏቸው ሴት እስር ቤት ተቀምጠው እኔ ጋ ሲመርቁዎት ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።»

ካርዱን በማስረጃ ፖስታ አሸገችው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታደለች የራሷን ልብስ ለብሳ ከእስር ቤቱ በር ወጣች። ዘርትሁን ቤትዎ ላድርስዎት ስትላት እምቢ አለች።

«መጀመሪያ እሱ ጋ። አራት ቀን ማን እንዳጠበው እንጃ።»

ካርዱ ውስጡ በሚታይ የማስረጃ ፖስታ ታሽጎ መኪናው ውስጥ ነበር። በደንቡ መሠረት በቀጥታ ወደ ማስረጃ ክፍል መሄድ አለበት። ዘርትሁን ሳጅን ብራኒጋንን አየችው። ሳጅኑ ዓርብ ዕለት የፈረመው ወረቀት ትዝ ብሎት እንደሆነ አይታወቅም፤ አንገቱን ደፍቶ «ማስረጃ ክፍሉ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አለ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ታንዲ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ታደለችን ሲያይ ዓይኑ ሞላ። እሷ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች በአማርኛ ትቆጣዋለች፣ ከሳህ፣ አልበላህም ትለዋለች። ዘርትሁን ፖስታውን ግራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አንገቱን ነቀነቀና ፖስታውን ወደ ፊቱ እያወዛወዘ በአፉ የማይወጣ ነገር ለመናገር ታገለ። እንዲህ፣ እንዲህ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ ሳጅኑ።

ታደለች ቆመች። ዓይኖቿ ቀስ ብለው ሰፉ።

«ውይ የኔ ነገር!» አለች። «መስታወቱን ብቻ አምጥቼለት!»

ከአልጋው አጠገብ ካለው መሳቢያ ክቡን የመላጫ መስታወት አውጥታ ፊት ለፊቱ ያዘችለት። ታንዲ ካርዱን ወደ መስታወቱ አዞረው። ዘርትሁን ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብላ አየች። ከሥር የተጻፈው ስም ተገልብጧል፤ ሰውየው ግን ቀና ብሏል። ጓንቱ ቀኙ ላይ ነው፤ ግራ እጁ፣ ያቺ አሥራ አንድ ጨዋታ የወረወረች እጅ፣ ኳሱን ይዛ ከፍ ብላለች።

ሽማግሌው ሳቀ። ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሳቀው፣ ድምፁም የተሰባበረ ነው፣ ግን ሳቅ ነበር። ታደለች መስታወቱን እንደያዘች አብራው ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ዘርትሁን ወደ መስኮቱ ዞረች።

በዚህ መሃል አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ገባች። የሐሙሱ መመዝገቢያ ላይ ያለውን ፊርማ ማንበብ አልቻለችም፤ ሕመምተኛውን ያስመዘገበው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ዘርትሁን ጥያቄውን በአማርኛ ደገመችው።

የታደለች ፊት በአንድ ጊዜ ደነገጠ። ወረቀቱን አየች፣ ነርሷን አየች፣ ሳጅኑን አየች። በመጨረሻ ዘርትሁን ላይ ዓይኗን ተክላ ቀጥ አለች።

«ካርድ ያወጣሁለት እኔ ነኝ» አለች።

ዘርትሁን ወደ ነርሷ ዞራ አንዲት ፊደል ሳትጥል ተረጎመችው።